ጭምብል ያጠለቀው ሐኪም፦ አንድ የህመም ስም ከመጽሐፍ የተሰረዘበት ጉዳይ

መነሻ

ሜይ 2 ቀን 1972 ዳላስ፣ ቴክሳስ ውስጥ አንድ ሐኪም ጭምብል አጥልቆ በሙያ ባልደረቦቹ ፊት ተቀመጠ። ጭምብሉ የላስቲክ ነው። ፀጉሩ ዊግ ነው። የለበሰው ቱክሲዶ ሆን ተብሎ ከልኩ በላይ የሰፋ ነው። ማይክሮፎኑም ድምፁን የሚያዛባ ነበር። ተሰብሳቢው የሚያውቀው ስም «ዶክተር ኤች. አኖኒመስ» የሚል ነው፤ ስሙ ያልተገለጸ ዶክተር እንደማለት።

ይህ ሰው ሰርቆ ወይም ሰው ገድሎ የሚሸሽ አልነበረም። ሙያውን የሚወድ የአእምሮ ሐኪም ነበር። የተደበቀው ከገዛ ባልደረቦቹ ነው። ማኅበራቸው ባሳተመው መጽሐፍ እሱን የመሰለ ሰው ሁሉ በሽተኛ ተብሎ ተጽፏልና።

ከ19 ወራት በኋላ ያ ጽሑፍ ከመጽሐፉ ወጣ። በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ታሪክ ውስጥ ብዙ ታላላቅ ቀኖች አሉ። እኔ ግን ወደዚህ ጉዳይ ደጋግሜ እመለሳለሁ። አንድ ትልቅ ተቋም ስህተቱን እንዴት እንደያዘ፣ እንዴት እንደተከላከለለት፣ በመጨረሻም እንዴት እንደለቀቀው ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ሁለት ነገር ላስቀድም። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። በአደባባይ የታወቁ ሰዎችን በስማቸው እጠራለሁ። ጭምብል ያጠለቀውን ሰው ግን «ሐኪሙ» ብቻ እለዋለሁ፤ ያን ቀን አዳራሹ የሚያውቀው እንደዚያ ነበርና።

ዳራ

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የመጀመሪያውን የምርመራ መመሪያ ያሳተመው በ1952 ነው። መጽሐፉ በአጭሩ ዲኤስኤም ይባላል። የአእምሮ ህመሞችን በስምና በቁጥር ይዘረዝራል። በመጀመሪያው እትም የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ከኅብረተሰብ ጋር ከማይስማሙ የስብዕና መዛባቶች ጋር ተመደበ። በ1968 ሁለተኛው እትም ሲወጣ «የወሲብ መዛነፍ» በሚለው ክፍል ሥር ገባ። ቁጥሩ 302.0 ነበር።

አንድ ሰው «የመጽሐፍ ጽሑፍ ምን ያደርጋል?» ሊል ይችላል። ብዙ ያደርጋል።

ኤፕሪል 1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ትእዛዝ ቁጥር 10450ን ፈረሙ። ትእዛዙ «የወሲብ ብልግና»ን ከመንግሥት ሥራ ለመባረር በቂ ምክንያት አደረገው። በዚህ ሰበብ ብዙ ሺህ ሠራተኞች እንጀራቸው ተቋረጠ። የ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ «የአእምሮ ስብዕና መዛባት» ያለበት የውጭ ሰው ወደ አገር እንዳይገባ ይከለክል ነበር። በ1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ አባባል የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን ይጨምራል ብሎ ወሰነ። የካናዳ ዜጋ የሆነው ባለጉዳይ አሜሪካ ውስጥ ዓመታት ከኖረ በኋላ እንዲባረር ተፈረደበት። ሕጉ የሐኪሞቹን ቋንቋ ተዋሰ ማለት ነው።

በሕክምናው በኩል ያለው ለመጻፍም ይከብዳል። ለአንድ ወንድ የወንድ ፎቶ እያሳዩ በኤሌክትሪክ ይነዝሩታል። ሌላው የሚያስመልስ መድኃኒት ይሰጠዋል። የአንጎል ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውም አሉ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ሐኪሞች በአብዛኛው ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እየረዳን ነው ብለው ያምኑ ነበር። እኔን ከምንም በላይ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው።

የሚገርመው፣ የዘርፉ አባት የሚባለው ሲግመንድ ፍሮይድ ራሱ በ1935 ለአንዲት አሜሪካዊት እናት በጻፈው ደብዳቤ የልጇ ዝንባሌ የሚያሳፍር እንዳልሆነና ህመም ሊባል እንደማይችል ነግሯት ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት አሜሪካውያን ተከታዮቹ ግን ሌላ መንገድ ያዙ።

ችግሩ የት ላይ ነበር

በአንድ ቃል ልበለው፦ ባለጉዳዩ በሌለበት ይፈረድ ነበር።

ሐኪሞቹ ማስረጃ አለን ይሉ ነበር። በ1962 ኢርቪንግ ቢበርና ባልደረቦቹ ያወጡት ሰፊ ጥናት በዘመኑ ትልቅ ተሰሚነት ነበረው። ያጠኗቸው 106 የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች ግን በሙሉ በሕክምና ላይ የነበሩ ናቸው። ተጨንቀው ሐኪም ዘንድ የመጡ ሰዎች። ሐኪም ቤት ተቀምጦ የመጣውን ሁሉ የሚመረምር ሰው ዓለም በሙሉ የታመመ ቢመስለው አይፈረድበትም። ስህተቱ ያንን ይዞ ሐኪም ቤት ስላልመጡት መናገሩ ነው።

ይህን ስህተት ቀድማ ያየች አንዲት ሴት ነበረች። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ኤቭሊን ሁከር ሎስ አንጀለስ ታስተምር ነበር። ወደዚህ ጥናት የገፋፋት አንድ የቀድሞ ተማሪዋ ነው፤ እኛን ተመልከቺን፣ አጥኚን አላት። እሷም 30 የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶችንና 30 ሌሎች ወንዶችን በዕድሜ፣ በትምህርትና በአእምሮ ብቃት ፈተና ውጤት አጣመረች። አንዳቸውም በሕክምና ላይ አልነበሩም። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሳይሆን ቤቷ እየጋበዘች አነጋገረቻቸው። ከዚያ የሥነ ልቦና ፈተናዎቻቸውን ያለስም ለሦስት ስመ ጥር ባለሙያዎች ሰጠች። የትኛው የማን እንደሆነ ለዩ አለቻቸው። ሊለዩ አልቻሉም። በጤናማነት ረገድም በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አላገኙም።

ጥናቱ የታተመው በ1957 ነው። መጽሐፉ የተቀየረው ደግሞ በ1973። በመሃል 16 ዓመት አለ። እንዲያውም የ1968ቱ እትም የወጣው ይህ ጥናት ከታተመ ከ11 ዓመት በኋላ ነው፤ ያም ሆኖ ቁጥር 302.0ን ይዞ ወጣ። ማስረጃው ጠረጴዛው ላይ ነበር። የሚያነሳው ጠፋ።

ሌላም ቋጠሮ አለ። ነገሩን ከውስጥ የሚያውቁ ሐኪሞች ነበሩ። በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤዎች ላይ እነዚህ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ሐኪሞች በስውር ይገናኙ ነበር፤ ስብስቡን፣ በማኅበሩ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል «ኤፒኤ» እየቀለዱ፣ «ጌይ-ፒኤ» ይሉታል። ግን አንዳቸውም አፍ አውጥተው ሊናገሩ አይችሉም። የተናገረ ሥራውን፣ አንዳንዴም የሙያ ፈቃዱን ያጣል። ያልታፈኑት የመብት አራማጆች ደግሞ ሲናገሩ «በሽተኛ ስለራሱ በሽታ ምን ያውቃል?» ይባላሉ። የሚያውቀው ዝም ይላል፤ የሚናገረው አይታመንም። ነገሩ ለዓመታት እንዲሁ ሾላ በድፍን ሆኖ ቆየ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

*መጀመሪያ ውስጥን ማጥራት*

ፍራንክ ካሜኒ ሃርቫርድ በሥነ ፈለክ ዶክትሬት ያገኘ ሰው ነው። የአሜሪካ ጦር ካርታ ሥራ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። በ1957 የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነህ ተብሎ ተባረረ። ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው፤ በ1961 ፍርድ ቤቱ አላይም አለ። ከዚያ በኋላ ካሜኒ ቀሪ ሕይወቱን ለዚህ ትግል ሰጠ።

ቀድሞ ያደረገው ነገር ሐኪሞቹን መጋፈጥ አልነበረም። መጀመሪያ የገዛ ወገኖቹን ነው ያሳመነው። በወቅቱ ብዙ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ራሳቸው «ምናልባት ታመን ይሆናል፤ ሐኪሞቹ ይወስኑልን» ይሉ ነበር። በ1965 እሱ ያቋቋመው የዋሽንግተን የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ማህበር አቋም ወሰደ፦ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ህመም አይደለም። የማስረዳት ሸክሙን ወደ ከሳሹ መለሰው ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ከጥቂት ሰዎች ጋር ኋይት ሃውስ ፊት ለፊት ሰልፍ ወጣ። ወንዶቹ ኮትና ክራቫት፣ ሴቶቹ ቀሚስ ለብሰው ነበር።

ከጎኑ የነበረችው ባርባራ ጊቲንግስ ናት። በ1958 የኒው ዮርክ የሌዝቢያን ሴቶች ማህበር ቅርንጫፍን መሥርታለች። ካሜኒ ቁጡ ነበር። እሷ ሞቅ ያለች፣ ሰው የምታቀርብ ሴት ነበረች። ያለ ሁለቱ ይህ ጉዳይ እዚህ ይደርስ ነበር ብዬ አላምንም።

*በሩን መግፋት*

ጁን 28 ቀን 1969 ሌሊት ኒው ዮርክ ውስጥ ስቶንዎል የተባለ መጠጥ ቤት ደንበኞች ፖሊስን ተቋቋሙ። ግጭቱ ለተከታታይ ሌሊቶች ቀጠለ። ከዚያ በኋላ የትግሉ ድምፅ ተለወጠ። ወጣቶች መጡ። ትዕግሥታቸው አጭር ነበር።

በ1970 የአእምሮ ሐኪሞቹ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲካሄድ አራማጆች ገብተው ስብሰባ አቋረጡ። በኤሌክትሪክ ስለሚደረግ ሕክምና ጥናት ሲቀርብ ጮኹ። አንዳንድ ሐኪሞች ተቆጥተው ፖሊስ ይጠራ አሉ። በ1971 ዋሽንግተን ላይ ካሜኒ ማይክሮፎኑን ነጥቆ የአእምሮ ሕክምና ጠላታችን ነው፣ ይህን እንደ ጦርነት አዋጅ ቁጠሩት አላቸው።

ግን በዚያው ጉባኤ ላይ ሌላም ነገር ሆነ፤ ብዙ ሰው አያወራለትም። አንድ ነገሩ የገባቸው ሐኪም ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋግረው ለአራማጆቹ መደበኛ የውይይት መድረክ አሰጧቸው። ሕክምና ላይ ስላልሆኑ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ኑሮ፣ በራሳቸው አንደበት። የመጣው ሰው ብዙ አልነበረም። ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ በማኅበሩ ፕሮግራም ላይ ስማቸው ሰፈረ።

*ዳላስ*

በ1972 ሌላ መድረክ ተፈቀደ። ርዕሱ የአእምሮ ሕክምና ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪው ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት የሚል ነው። ካሜኒና ጊቲንግስ ይናገራሉ። ሁለት ቀና ሐኪሞችም ተጋብዘዋል። የዝግጅቱን ስም ዝርዝር ያየችው የጊቲንግስ የሕይወት አጋር ኬይ ላሁሰን ግን አንድ ጉድለት ታያት። ሐኪም ያልሆኑ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች አሉ። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ያልሆኑ ሐኪሞችም አሉ። ሁለቱንም የሆነ ግን የለም።

ጊቲንግስ ፍለጋ ወጣች። ብዙ ሐኪሞችን ጠየቀች። እምቢ አሉ። አንዳንዶቹ ግን ደብዳቤ ጻፉላት፤ ለምን መምጣት እንደማይችሉ የሚገልጽ፣ ስም የሌለው። በመጨረሻ አንድ ሰው፣ መልኬንና ድምፄን መደበቅ ከቻልኩ እመጣለሁ አለ።

ይህ ሰው አስቀድሞ ዋጋ ከፍሏል። በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ሳለ ማንነቱ ታውቆ ከቦታው ለቅቋል። ሌላ ሥራም በዚሁ ምክንያት አጥቷል። ዳላስ ሲመጣ ቋሚ የማስተማር ቦታ ገና አላገኘም። ጉባኤው የተካሄደበት የቴክሳስ ግዛት ደግሞ በሕጉ እንዲህ ያለውን ግንኙነት በወንጀል ይቀጣ ነበር።

ሐኪሙ ንግግሩን በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገሮች ጀመረ፦ «የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነኝ። የአእምሮ ሐኪም ነኝ።» አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹ እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ሰው አፍ ሲገናኙ ሰምተው አያውቁም።

ከዚያ ስለ ኑሮው ነገራቸው። እንደ እሱ ያለ ሐኪም ምን ያህል ተጠንቅቆ እንደሚኖር፣ ከባልደረቦቹ እኩል ለመቆጠር ምን ያህል አብልጦ መሥራት እንዳለበት፣ እንደ እሱ ባሉ ሰዎች ላይ ሲቀለድ እንዴት ዝም እንደሚል። እዚያው ጉባኤ ላይ ለመጡት፣ ለተደበቁት ወገኖቹም ተናገረ። የቻላችሁትን ያህል ድፍረት ይኑራችሁ፣ አደጋ አለው፣ ግን ሰውነታችንን በሙሉ አለመኖር ከዚያ የባሰ ኪሳራ ነው ሲል። ጊቲንግስም ሊመጡ ያልቻሉትን ሐኪሞች ደብዳቤዎች አነበበች።

ሲጨርስ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። በኋላ እንደተናገረው ከፊት ከተቀመጡት አንዱ ከሥራ ያሰናበተው ሰው ነበር። ሰውየው ተናጋሪው ማን እንደሆነ አላወቀም።

በጉባኤው ግቢ ጊቲንግስ ያዘጋጀችው ትንሽ ዐውደ ርዕይም ነበር። ፎቶዎቹ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን በደስታቸው፣ በፍቅራቸው፣ በተራ ኑሯቸው ያሳዩ ነበር። አንድ ሐኪም ሕክምና ክፍሉ ውስጥ የማያያቸውን ፊቶች።

*ከአዳራሽ ወደ ኮሚቴ*

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ኒው ዮርክ ውስጥ አራማጆች ሌላ የባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ተቃውሞ አሰሙ። ሮበርት ስፒትዘር የተባለ የአእምሮ ሐኪም እዚያ ነበር። ስፒትዘር የማኅበሩ የህመም ስያሜ ኮሚቴ አባል ነው። በረብሻው ተናደደ። ከአንዱ አራማጅ ከሮን ጎልድ ጋር ንግግር ገጠመ። ጎልድ ሰውየው ማን እንደሆነ ሲያውቅ አልለቀቀውም። ስፒትዘርም ኮሚቴው ፊት ቀርባችሁ እንድታስረዱ አደርጋለሁ አለ። ቃሉንም ጠበቀ።

ፌብሩዋሪ 1973 ወደ ኮሚቴው ሄዱ። እዚህ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጥናቶቹን በቅደም ተከተል አቀረቡ፤ የሁከርን ጭምር። የምርመራው ስም በሥራ፣ በልጅ አስተዳደግና በፍርድ ቤት ምን እንዳደረሰ አስረዱ።

በሜይ ሆኖሉሉ ላይ ደጋፊና ተቃዋሚ ሐኪሞች ፊት ለፊት ተከራከሩ። ከክርክሩ ይልቅ ያን ምሽት የሆነው ይበልጣል። ጎልድ ስፒትዘርን የተደበቁት ሐኪሞች ወደሚዝናኑበት ቡና ቤት ወሰደው። ስፒትዘር ያየውን ማመን አቃተው። የሚያውቃቸው፣ የሚያከብራቸው፣ ትልልቅ ኃላፊነት ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። በሽተኞች አይመስሉም። ሰዎቹም እሱን ሲያዩ ደንግጠዋል። በተነገረው መሠረት ስፒትዘር የውሳኔ ሐሳቡን ወደመጻፍ የገባው ከዚህ በኋላ ነው።

የጻፈውም ጥያቄውን ቀይሮ ነው። «የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር የተለመደ ነው ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። «የአእምሮ ህመም ማለት ምንድን ነው?» ብሎ ጀመረ። መልሱ፦ አንድ ነገር ህመም የሚባለው በራሱ በሰውየው ላይ ዘወትር ጭንቀት ካስከተለ ወይም በኑሮው አጠቃላይ የመሥራትና የመግባባት ችሎታውን ከጎዳ ነው። የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር በራሱ ይህን አያሟላም።

ዲሴምበር 15 ቀን 1973 የማኅበሩ ቦርድ ድምፅ ሰጠ። 13 ደገፉ። 2 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ተቃዋሚ አልነበረም። ቦርዱ በዚያው ቀን በሥራ፣ በመኖሪያ ቤትና በፈቃድ አሰጣጥ የሚደረገውን አድልዎ የሚቃወም መግለጫም አወጣ።

ተቃዋሚዎቹ አልተዉትም። ፊርማ አሰባስበው ሁሉም አባል ድምፅ ይስጥ አሉ። ኤፕሪል 1974 ውጤቱ ታወቀ። 5,854 አባላት የቦርዱን ውሳኔ ደገፉ። 3,810 ተቃወሙ። ውሳኔው ጸና።

ምን ሠራ

ጩኸቱ ሠርቷል ወይ? ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ይህ ነው። መልሴ፦ በሩን ከፍቷል፤ ወደ ውስጥ ግን አላስገባም። የ1970ው ረብሻ ባይኖር የ1971ዱ መድረክ አይፈቀድም ነበር። ያ ባይኖር ዳላስ አይኖርም። ኮሚቴው ፊት ግን ጩኸት የለም፤ እዚያ ያለው ወረቀት ነው። ሰዎቹ የትኛውን መሣሪያ የት እንደሚጠቀሙ ለይተው ያውቁ ነበር።

ከሁሉም በላይ የሠራው ግን መታየት ነው ባይ ነኝ። የሁከር ጥናት 16 ዓመት ተቀምጧል። አንድ ሐኪም ጭምብል አጥልቆ ለጥቂት ደቂቃ ሲናገር ግን አዳራሽ ተነሥቶ አጨበጨበ። ማስረጃው ሰው ሆኖ ሲመጣ ነው የተሰማው። ስፒትዘርም ጥናቶቹን ቡና ቤት ከመሄዱ በፊት ያውቃቸው ነበር።

የውስጥ ወዳጆችም አሉ። ድልድይ የሆኑት ሐኪሞች የሙያ ክብራቸውን አስይዘው ነው የገቡት። በወቅቱ የማኅበሩ ተመራጭ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ስፒገል ራሳቸው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነበሩ። ይህ በአደባባይ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ምን አልሠራም

አንደኛ፣ ስምምነቱ ጅራት ነበረው። የቀድሞው ስም ሲወጣ በምትኩ ሌላ ገባ፦ በዝንባሌው የሚጨነቅ ሰው «የወሲብ ዝንባሌ መታወክ» አለበት ተባለ። በ1980 ሦስተኛው እትም ይህንኑ በሌላ ስም አቆየው። እስቲ አስቡት። ሰው ሁሉ ታመሃል ሲለው የኖረ ሰው ቢጨነቅ ምን ይገርማል? ጭንቀቱን ከውጭ አምጥተው ህመሙን ከውስጥ ፈለጉት። ይህ ቅሪት የወጣው በ1987 ነው። ቦርዱ ከወሰነ ከ14 ዓመት ገደማ በኋላ።

ሁለተኛ፣ ድምፅ መስጠቱ ጠባሳ ትቷል። ሕዝበ ውሳኔውን የጠየቁት ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከተሸነፉ በኋላ ግን «ሳይንስ በድምፅ ብልጫ ይወሰናል ወይ?» እያሉ ለዓመታት ተናገሩ። ለአባላቱ ውሳኔውን ደግፉ የሚል ደብዳቤ ተልኮ ነበር፤ የላኩት የማኅበሩ መሪዎች ሲሆኑ ወጪውን የሸፈነው የመብት ድርጅት ነው። ይህ በደብዳቤው ላይ አልተገለጸም። ነውር ያለበት ገንዘብ አልነበረም፤ መደበቁ ግን ስህተት ነበር ብዬ አምናለሁ። ሲታወቅ ለተቃዋሚዎቹ የማያልቅ ስንቅ ሆናቸው።

ሦስተኛ፣ «እንቀይርሃለን» የሚለው ሕክምና በመጽሐፍ ለውጥ ብቻ አልቆመም። ይባስ ብሎ ስፒትዘር ራሱ በ2003 ባሳተመው ጥናት አንዳንድ ሰዎች ሊቀየሩ ይችላሉ አለ። ማስረጃው 200 ሰዎች በስልክ ስለራሳቸው የነገሩት ብቻ ነበር። በ2012 ስህተት መሆኑን አምኖ፣ በዚህ ምክንያት ጊዜያቸውንና ጉልበታቸውን ያባከኑትን በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቀ። በ1973 ትልቅ ነገር የሠራ ሰው እንኳ የሚፈለገውን ጥያቄ ካልጠየቀ ይሳሳታል።

አራተኛ፣ ሁሉም አብሮ አልወጣም። ትራንስጀንደር ሰዎችን (ሲወለዱ ከተሰጣቸው ፆታ የተለየ ማንነት ያላቸውን) የሚመለከቱ የህመም ስሞች በዲኤስኤም ውስጥ የገቡት በ1980 ነው፤ ሌላው እየወጣ ሳለ ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ከህመሞች ዝርዝሩ ያወጣው ሜይ 17 ቀን 1990 ነው። የትራንስጀንደር ሰዎችን ጉዳይ ከአእምሮ ህመሞች ክፍል ያወጣው ደግሞ በ2019 በጸደቀው እትም ነው።

ወደ ሌላ ጉዳይ የሚወሰድ

ከዚህ ጉዳይ የምወስደውን ሥራ ላይ በሚውል መልኩ ላስቀምጥ። ከሕክምና ውጭም ይሠራል።

ስለ አንድ ወገን የቀረበ ጥናት ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠየቀው የተጠኑት ሰዎች ከየት መጡ የሚለው ነው። 106ቱም ታካሚ ከሆኑ ውጤቱ ስለ ታካሚዎች ነው። ይህን አንድ ጥያቄ የጠየቀ ሰው ብዙ ስህተት ሳይፈጸም ያስቆማል።

ከመከራከር በፊት የማስረዳት ሸክሙ የማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ካሜኒ «ጤነኛ መሆናችንን እናሳያችሁ» ብሎ አልጀመረም። «ህመም ነው ያላችሁት እናንተ ናችሁ፤ አስረዱ» አለ። በዚህ ብቻ የክርክሩ ሜዳ ተቀየረ።

ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉትን መቁጠር የኬይ ላሁሰን ትምህርት ነው። እሷ ንግግር አላደረገችም። የተሳታፊዎቹን ስም አይታ ማን እንደጎደለ ብቻ አስተዋለች። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ትንሹም ትልቁም ይህ ነው።

በስሙ መናገር የማይችል ሰው ካለ ደግሞ ያለ ስም የሚናገርበትን መንገድ ማመቻቸት ይገባል። ጭምብሉ ቅሌት አልነበረም። እንዲያውም አዳራሹ የጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ በዓይን የሚያሳይ ማስረጃ ሆነ፦ አንድ ጎበዝ ሐኪም በእኛ መካከል ፊቱን ማሳየት ለምን ፈራ?

በግማሽ የተሰጠን ነገር ተቀብሎ ቀሪውን መዝግቦ መያዝም አለ። በ1973 ቅሪቱን አንቀበልም ቢሉ ኖሮ ምናልባት ምንም ላያገኙ ይችሉ ነበር። ተቀበሉት፤ ግን አልረሱትም። 14 ዓመት ተከታተሉት።

ከዚያ በኋላ

ካሜኒ በ2009 ከአሜሪካ መንግሥት በይፋ ይቅርታ ተጠየቀ። ከተባረረ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2011 አረፈ። ጊቲንግስ በ2007 አርፋለች። የቴክሳሱ ሕግ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሻረው በጁን 2003 ነው። ሐኪሙ ይህን ለማየት አልደረሰም፤ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ሞተ።

ከዳላስ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማን እንደነበረ አልተናገረም። ወደ ፊላደልፊያ ተመለሰ። አስተማረ። ሊሞቱ የተቃረቡ ሰዎችን በመንከባከብ ሥራ ሠራ። ብዙ ሐኪሞች ባልደፈሩበት ጊዜ የኤድስ ሕሙማንን ተቀብሎ ያክም ነበር። የዚያን ቀን ንግግሩን ጥቅስ ሰዎች በጽሑፋቸው ሲያነሱ «ያ ጭምብል ያጠለቀው» ይሉ ነበር።

በ1994 የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ፊላደልፊያ፣ እሱ በሚኖርበት ከተማ ተካሄደ። ከዳላስ 22 ዓመት አልፏል። ተነሥቶ ጭምብሉ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ አለ። ስሙ ጆን ፍራየር ይባላል።